ከካራ ማዶ የሰማነው ቼሎ፦ ቅኝቱ ወርዶበት ነበር ወይስ አንቺሆዬን እንደ ወጉ ተጫውቶታል?

የካራ አድማጭ (ክሩን የከፈቱት)፣ ሰኞ ከምሽቱ 3፡20

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከካራ ወደ ለገጣፎ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ አዳራሽ የቼሎ (ተቀምጠው በደጋን የሚጫወቱት ትልቅ ባለአውታር መሣሪያ) እና የፒያኖ ዝግጅት ቀርቦ ነበር። የሐምሌ ዝናብና ጭቃ ሳይበግረን የተገኘነው ሰዎች ሰማንያ ብንሆን ነው፤ በዕረፍቱ ሰዓት ከነበረው ጨዋታ እንደተረዳሁት ከመካከላችን ቼሎን በፎቶግራፍ እንጂ በአካል አይተው የማያውቁ ጥቂቶች አልነበሩም።

የመጀመሪያው ሥራ የቤትሆቨን 3ኛው የቼሎ ሶናታ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1808 ተጠናቆ በ1809 የታተመው ማለት ነው። ይህ ሶናታ ሲከፈት ቼሎው ፒያኖውን ሳይጠብቅ፣ በሽምግልና ሸንጎ ላይ ቀድመው ቃል የሚሰጡ አዛውንት ድምፃቸውን ሳያነሡ እንደሚናገሩት፣ ዜማውን ብቻውን በዝግታ ይጀምረዋል። ቀጥሎ የፈረንሳዊው ደራሲ የዴቡሲ ሶናታ ቀረበ። ደራሲው ይህን ሥራ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1915 በታላቁ ጦርነት መካከል ሲሆን፣ ያቀደው ስድስት ሶናታዎችን ቢሆንም ሦስቱን ብቻ አጠናቅቆ በ1918 ዐርፏል። በሁለተኛው ክፍል ቼሎ ተጫዋቹ ደጋኑን ትቶ አውታሮቹን በጣቱ ሲመታ ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ ለእናቷ «ክራር ሆነ እኮ» አለቻት፤ ትክክል ነበረች።

ከዕረፍት በኋላ የኢስቶኒያዊው ደራሲ የአርቮ ፓርት እ.ኤ.አ. የ1978 ሥራ፣ ርእሱ «መስታወት በመስታወት ውስጥ» ማለት የሆነው፣ ቀረበ። ከቆርቆሮው ጣራ ላይ ከወረደው ዝናብ የተነሣ የሰማነው ግማሹን ያህል ነው። ስለዚህ ሥራ ብዙ የምለው የለኝም።

ክሩን የከፈትኩት ስለ መጨረሻው ሥራ ነው። በአንድ ወጣት የአገራችን ደራሲ ለቼሎና ለፒያኖ የተጻፈ፣ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ በሆነው በአንቺሆዬ ላይ የተመሠረተ አዲስ ድርሰት ነበር። በዚህ ሥራ ውስጥ የቼሎው ድምፅ ከፒያኖው ጥቂት ዝቅ እያለ፣ ሁለቱ ሳይገጥሙ አብረው የሚዘልቁባቸው ቦታዎች በተደጋጋሚ ተሰሙኝ። በቀኜ የተቀመጡት ሰው «ቅኝቱ ወርዶበታል» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በግራዬ የነበሩት እናት ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆይተው ሲጨርስ «እሰይ!» አሉ። እኔ ግን ማንኛቸው እንደሰሙ፣ ማንኛቸው እንዳልሰሙ መለየት አቅቶኝ ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው። የሙያው ባለቤቶች ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

---

ቼሎ አስተማሪ፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡05

በአዳራሹ ነበርኩ። የጠየቁት ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ወደ ኋላ ብመለስ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቼሎ አራት አውታሮች አሉት፤ ከታች ወደ ላይ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ተብለው ይቃኛሉ። በአንገቱ ላይ እንደ ጊታር የድምፅ ማቆሚያ ሽቦዎች የሉበትም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ድምፅ የሚወስነው የተጫዋቹ ጣትና ጆሮ ብቻ ነው። ፒያኖ ግን ቃኚው ትቶት የሄደውን ይዞ ይቀመጣል። የፒያኖ ቅኝት አንዱን ስምንትዮሽ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች የሚከፍል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ይባላል። ይህ እኩልነት የሚገኘው ሁሉንም ጥቂት ጥቂት በማጥመም ነው። ለምሳሌ ከዶ እስከ ሚ ያለው ርቀት በተፈጥሮው 386 ሴንት ያህል ሲሆን በፒያኖ ላይ 400 ነው። ጥሩ ቼሎ ተጫዋች በቤትሆቨንም ቢሆን እንዲህ ያለውን ልዩነት እየሰማ፣ ብቻውን ሲሆን ወደ ተፈጥሮው፣ ከፒያኖ ጋር ሲሆን ወደ ፒያኖው ሲያዘነብል ያመሻል።

አሁን ወደ ቅኝቶቻችን ልምጣ። ከዶ የሚነሣው ዋናው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸውን አራት አውታሮች ያስተያዩአቸው፤ አራቱም በትዝታው ውስጥ ይገኛሉ። ቼሎ ላይ አንድ ድምፅ ሲጫወቱ ያልተነካው አውታርም ዘመዱን ሲሰማ ከራሱ ይርገበገባል፤ የመሣሪያው ግርማ በከፊል የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ትዝታ በቼሎ ላይ ሳይደክሙ ያምራል። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ከአራቱ አውታሮች ሁለቱ፣ ሶልና ሬ፣ ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። ሬ ፍላትንና ሶል ፍላትን ሲጫወቱ የሚያግዝ አውታር የለም፤ ድምፁ ጠቆር፣ ደረቅ ይላል፤ ጣትም የሚደገፍበት አጥቶ ይቅበዘበዛል። ከመነሻው አምስተኛው ድምፅ በቅኝቱ ውስጥ ስለሌለም ጆሮ «እዚህ ነኝ» የሚልበት ምሰሶ ያጣል።

እንግዲህ በአንቺሆዬ ቼሎ ተጫዋች ቢስት አልፈርድበትም። በቀኝዎ የነበሩት ሰው ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ይህን የምለው በማክበር ነው።

---

አባዶ ብሎክ 40፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡31

በቤትሆቨኑ በአንደኛውና በሁለተኛው ክፍል መካከል ሰዉ ያጨበጨበው ሥርዓት ባለማወቅ ነው፤ አዘጋጆቹ አስቀድመው ሊያስታውቁ ይገባ ነበር።

---

የካራ አድማጭ፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡40

እርስዎ እንዳሉት በዛሬው ልማድ ዝም ይባላል። በቤትሆቨን ዘመን ግን በየክፍሉ መካከል ይጨበጨብ ነበር፤ በ1813 ቪየና ውስጥ 7ኛው ሲምፎኒው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ሁለተኛውን ክፍል አድማጩ እንደገና እንዲጫወቱለት አድርጓል። ስለዚህ የኛ ሰዎች ያጠፉት ነገር ካለ የሁለት መቶ ዓመት መዘግየት ነው። አሁን ወደ ቅኝቱ ብንመለስ ደስ ይለኛል።

---

የባለማሲንቆው ልጅ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡10

የተከበሩ አስተማሪያችንን አክብሬ ሳበቃ በድምዳሜያቸው ላይ ግን አልስማማም።

አባቴ ማሲንቆ ተጫዋች ነበር፤ እኔ ሙያውን አልወረስኩም፣ ጆሮውን ግን የወረስኩ ይመስለኛል። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው፤ ደጋኑም ያው የፈረስ ጭራ ነው። ተጫዋቹ አውታሩን እንደ ቼሎ ወደ እንጨቱ ተጭኖ አያስነካውም፤ በጎን በጣቱ ይነካዋል እንጂ። ጣቱ ጥቂት ጠበቅ ወይም ላላ ባለ ቁጥር ድምፁ ይሄዳል፣ ይመጣል። አባቴ አንቺሆዬን ሲይዝ ሁለተኛዋን ድምፅ ወደ መነሻዋ አስጠግቶ ያስቀምጣት ነበር፤ እኅቴ በትምህርት ቤት በተማረችው ኪቦርድ አብራው ልትጫወት ስትሞክር አንድም ቀን ገጥመው አያውቁም። እሷ «አባባ፣ ወርደሃል» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ «እኔ ቤቴ ነኝ፤ የወጣሽው አንቺ ነሽ» ይላት ነበር። ሁሉም አዝማሪ እንዲህ ያደርጋል አልልም፤ እኔ ያደግሁበት ቤት አንቺሆዬ ግን ይህ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ቼሎው ያችን ድምፅ ሲይዝ ጀርባዬ ላይ ውኃ የፈሰሰ ያህል ነበር የተሰማኝ። ያረጀ ድምፅ ነው፤ አውቀዋለሁ። በአጋጣሚ በሳተ ጣት አንዴ ቢገኝ ይገኛል፤ ነገር ግን አምስት፣ ስድስት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ እንዴት ይሳታል? ስህተት ቦታ ይቀያይራል፤ ይህ አልቀየረም።

---

ፒያኖ ቃኚ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 7፡45

ይህን ክር ያየሁት በወዳጅ ጥቆማ ነው። የአዳራሹን ፒያኖ ሐሙስ ዕለት የቃኘሁት እኔ ስለሆንኩ ከፊሉ ጥፋት የኔ ሳይሆን አይቀርም፤ ወይም የክረምቱ።

ፒያኖ በውስጡ ወደ 230 የሚጠጉ የብረት አውታሮች አሉት፤ የሁሉም ጉተት ተደምሮ ከ15 ቶን ይበልጣል። ያን ሁሉ ድምፅ የሚያጎላው ግን ከኋላ ያለው ስስ የእንጨት ገበታ ነው። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ሲያብጥ አውታሮቹን ከሥር ይገፋቸዋል፤ በተለይ በመካከለኛው የድምፅ ክልል ቅኝቱ ከፍ ይላል። በበጋ ተገላቢጦሹ ነው። ፒያኖው ገበታው ቀጥ ብሎ የሚቆም ዓይነት ከመሆኑም በላይ መንገዱን ወደሚያይ መስኮት ተጠግቶ የቆመ ነው፤ ሐሙስ ላ በሰከንድ 440 ርግብግቢት ላይ ትቼው ነበር፤ ዓርብ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ቅዳሜ ልምምዱ ላይ ደርሼ ሳደምጠው ወደ 442 ተጠግቶ ነበር። እንደገና ለመቃኘት ጊዜ አልነበረም።

ቼሎ ተጫዋቹ በፒያኖው ላ ቃኝቶ ጀመረ። ከዚያ ሰማንያ ሰው እርጥብ ካፖርቱን እንደለበሰ በአንድ ትንሽ ክፍል ተቀመጠ፤ መስኮቱ ተዘጋ፤ ክፍሉ ሞቀ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ የቼሎው አውታሮች ላሉ። አንዱ መሣሪያ 442 ላይ፣ ሌላው 440 ላይ ቢሆኑ ጆሮ በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚወዛወዝ አንድ ድምፅ ይሰማል። በቤትሆቨኑ መጨረሻ ላይ ያ መወዛወዝ በግልጽ ነበር። አዳጆው፣ 18 ሜዠር (የምት ክፍል) ብቻ የምትረዝመው ዘገምተኛና ውብ ክፍል ላይ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው ያለፍኩት።

ስለዚህ የባለማሲንቆው ልጅ ያሉት ስሜት እውነት ሊሆን ቢችልም፣ እኔ በመጨረሻው ሥራ የሰማሁትና በቤትሆቨኑ የሰማሁት ለጆሮዬ አንድ ዓይነት ነገር ነው። አንዱን ችግር፣ ሌላውን ጥበብ ለማለት ምን ማስረጃ አለን?

---

አስተያየት ሰጪ ከሱሉልታ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 9፡00

በዝግጅቱ ላይ አልነበርኩም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አንቺሆዬን የሚያውቅ ማሲንቆ በየደጃችን እያለ ቼሎን ለዚህ ማድከም ምን አስፈለገ? ቼሎው የራሱን ይጫወት፣ እኛም የራሳችንን።

---

ቼሎ አስተማሪ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 11፡15

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በመሣሪያው ውስጥ ይገኛል። ማሲንቆ የሰው ድምፅ ጎረቤት ነው፤ ዘፋኙ የሚለውን ይደግማል፣ ያሾፍበታል፣ ይቀድመዋል። የድምፁ ስፋት ግን ውሱን ነው። ቼሎ ከታችኛው ዶ፣ በሰከንድ ወደ 65 ርግብግቢት ከሚሆነው፣ ተነሥቶ ከአራት ስምንትዮሽ በላይ ይሄዳል፤ በአዲሱ ድርሰት መክፈቻ ላይ ያ ጥልቅ ዶ ሲጎተት የበገና ታላቁን አውታር ያስታወሰው እኔን ብቻ አይደለም።

ለዚህ ጉዳይ ቀደምቶችም አሉን። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ የዋሽንቱን ዓለም ወደ ኦርኬስትራ አስገብተውታል፤ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ፣ በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት፣ በፒያኖ ብቻ የኛን ዜማ እስካሁን ስም ያልወጣለት ቦታ አድርሰውታል፤ ግርማ ይፍራሸዋም በቡልጋሪያ የተማረውን የፒያኖ ጥበብ ለቅኝቶቻችን አውሎታል። ፒያኖ ግን የአዝማሪውን ጣት መከተል አይችልም፤ እማሆይም ቢሆኑ በጌጥና በመዘግየት ነው የተሻገሩት። ቼሎ ይችላል። ወጣቱ ደራሲ የሚችለውንና የማይችለውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ከሆነ ትላንት የጻፍኩትን ለመሳብ ዝግጁ ነኝ። ነገር ግን የቃኚያችን ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

በነገራችን ላይ አንድ የሙያ ነገር ላንሣ። ቼሎው መሬት ላይ የሚቆምበት እግር ሾሉ ወለሉ ሴራሚክ ላይ እየተንሸራተተ ተጫዋቹን ሲያስቸግር ሁላችንም አይተናል፤ በኋላ ምንጣፍ አነጠፉለት። ምንጣፍ ድምፅ ይውጣል። ለሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰፊ ጣውላ ይቀመጥለት፤ በሾሉ በኩል የሚወርደው ርግብግቢት ጣውላውንም ያናግረዋል፣ ኋላ የተቀመጡትም ያገኛሉ።

---

ገጽ ገላጩ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡50

ከፒያኖ ተጫዋቿ በስተግራ ተቀምጬ ገጽ ስገልጥ የነበርኩት ልጅ እኔ ነኝ። በመድረኩ ላይ መጻፍ አላዘወትርም፤ ነገር ግን ኖታውን ከናንተ በቅርብ ያየሁት እኔ ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በፒያኖ ተጫዋቿ ኖታ ላይ የቼሎው መስመር ከበላይ ታትሟል። በአንቺሆዬው ሥራ ውስጥ፣ በቼሎው መስመር፣ በሬ ፍላት ላይ ሁሉ ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት ተሥላለች። በሶል ፍላት ላይ አንዳንዴ አለች፣ አንዳንዴ የለችም፤ በሌሎቹ ሦስት ድምፆች ላይ ፈጽሞ የለችም። ደራሲው ከዚህም በላይ ተጠንቅቋል፤ ቼሎው ቀስት ያለበትን ድምፅ ይዞ በሚቆይበት ጊዜ ፒያኖው ያንኑ ድምፅ አይነካም፣ በዙሪያው ይዞራል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ወደ መጨረሻው ገጽ ግድም፣ ሁለቱም በአንድነት ሬ ፍላትን ይመታሉ፤ ለአራት ሜዠር ያህል ሳይላቀቁ ይቆያሉ። እዚያ ላይ በእርሳስ «አትሽሹ» ተብሎ ተጽፏል። የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ አላውቅም። የካራው አድማጭ «ሳይገጥሙ አብረው የሚዘልቁ» ያሉት እሱን ይመስለኛል።

ስለ ቤትሆቨኑ ግን ቃኚው ያሉት በሙሉ እውነት ነው። ቼሎ ተጫዋቹ በዕረፍቱ ሰዓት ከጀርባ ክፍል ገብቶ አራቱንም አውታሮች እንደገና ሲቃኝ፣ ፒያኖ ተጫዋቿ «ላው ወርዶ ነበር» ስትለው «ከስኬርጾው (ከፈጣኑ ሁለተኛ ክፍል) ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ በጣቴ እየሸመገልኩ ነው የጨረስኩት» ብሎ ሲመልስላት ሰምቻለሁ። ስለዚህ በሁለተኛው አጋማሽ የቼሎው ባዶ አውታሮች ከፒያኖው ጋር የገጠሙ ነበሩ። ላ በተነካ ቁጥር ምንም መወዛወዝ አልነበረም፤ ቃኚው ያስታውሱት እንደሆነ ልብ ይበሉልኝ።

---

ፒያኖ ቃኚ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡30

ልጄ፣ ተባረክ። ላው ላይ መወዛወዝ እንዳልነበረ አሁን ስትለኝ ትዝ አለኝ። የወረደ አውታር ሁሉንም ይዞ ነው የሚወርደው፤ አንዱን ድምፅ ብቻ መርጦ አይወርድም። ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ለባለማሲንቆው ልጅ ይቅርታዬን አቀርባለሁ፤ ለሚቀጥለው ዝግጅት ሐሙስ ሳይሆን ቅዳሜ ረፋድ እንድቃኝ፣ ፒያኖውም ከመስኮቱ እንዲርቅ አዘጋጆቹን እጠይቃለሁ።

---

የባለማሲንቆው ልጅ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡52

ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ ቤትሆቨኑ ላይ የሰሙትን እኔ አልሰማሁትም ነበር። «በጣቴ እየሸመገልኩ» ያለውን ሰው ግን ማሲንቆ በቤቴ እንዳለ ንገሩልኝ። የአባቴ ናት፤ ቆዳዋ ላልቷል እንጂ ደጋኗ ደህና ነው።

---

የካራ አድማጭ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡15

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትላንት ማታ ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ከግራዬ የነበሩትን እናት በሰፈር አግኝቻቸው «እሰይ» ያሉት ለምን እንደነበር ጠየቅኳቸው። ስለ ቀስቱም ሆነ ስለ ቅኝቱ ምንም አልነገርኳቸውም። «ያ ልጅ በመጨረሻ ላይ ሁለቱ ሲጣሉ ዝም ብሎ ያዘው አይደል፤ አልለቀቀም እኮ» አሉኝና ወደ ወፍጮ ቤቱ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አዘጋጆቹ ሥራው በመስከረም፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ በዚያው አዳራሽ እንደሚደገም ነግረውኛል። ጣውላውን እኔ አመጣለሁ።